የደረጃችን ፎርማ በትክክለኛ ስኬል እስኪታተም

ሐምሌ 3

የቤታችንን የውስጥ ደረጃ ልንቀይር ነው። የድሮው የብረት ነው። ጠባብ ነው፣ መታጠፊያው ላይ ያሉት ሦስት መርገጫዎችም እኩል አይደሉም። እናቴ ሁለት ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ተሰናክላለች። አዲሱ ከዋንዛ ይሠራል።

ልኩ ይህ ነው። ከወለል እስከ ወለል 2,880 ሚሊ ሜትር፣ በ16 ከፍታ ሲካፈል እያንዳንዱ 180። መርገጫው 250፣ የደረጃው ስፋት 900። ሁለት ጊዜ 180 እና 250 ሲደመር 610 ይመጣል። ከ600 እስከ 640 ባለው ውስጥ ከሆነ ለእግር ይመቻል ስለሚባል በዚህ ረክቻለሁ። መታጠፊያው 900 በ900 ካሬ ላይ ያርፋል። በውስጠኛው ጥግ በቆመው ምሰሶ ዙሪያ በሦስት መርገጫ ይዞራል፣ እያንዳንዱ 30 ዲግሪ።

አናጺያችን በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ፕላኑን ሰፈር ውስጥ ካለ ማተሚያ ቤት በኤ3 አሳትሜ ሰጠኋቸው። 25 ብር ከፈልኩ። ጥግ ላይ «ስኬል 1:50» ይላል። እሳቸው በማስመሪያ ለክተው፣ በ50 አባዝተው፣ ለሙከራ የሚሆን የባሕር ዛፍ ክፈፍ ቆረጡ። ስፋቱን ስጠይቃቸው «865» አሉኝ። 900 መሆን ነበረበት።

ማታ ወረቀቱን ለካሁት። ፋይሉ ላይ የውጪው ክፈፍ 400 ሚሊ ሜትር ነው። ወረቀቱ ላይ 385 ሆኖ ወጥቷል። 96 ከመቶ ገደማ ማለት ነው። ጋሼ ምንም አልተሳሳቱም። የተሳሳተው ወረቀቱ ነው፤ ያሳተምኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ሐምሌ 4

ማተሚያ ቤቱ ሄጄ ኮምፒውተሩ ላይ አየሁት። ፒዲኤፉን ሲከፍቱ የህትመት መስኮቱ «ፊት» ላይ ነው የቆመው። «ፊት» ማለት ገጹን ፕሪንተሩ ማተም በሚችለው ቦታ ልክ አሳንሰው ማለት ነው። ፕሪንተሩ ዳር ዳሩን ጥቂት ሚሊ ሜትር ስለማያትም ሁሉም ነገር ይጠብባል። ከሥሩ ያለው «አክቹዋል ሳይዝ» (በራሱ ልክ) የሚለው ነው ትክክለኛው። «ሽሪንክ ኦቨርሳይዝድ ፔጅስ» የሚለውም ያሳንሳል፤ ስሙ የዋህ ስለሚመስል ብዙ ሰው ያልፈዋል።

ልጁን ለምን እንደዚያ እንደሚያትም ጠየቅኩት። «እህቴ፣ ፊት ካላደረግኩት ዳሩ ይቆረጣል፣ ሰው ይጣላኛል» አለኝ። እውነቱን ነው። ለደብዳቤ፣ ለፎቶ፣ ለጥሪ ካርድ ትክክለኛው ምርጫ ፊት ነው። የሥራ ስዕል ነው ብሎ ቀድሞ መናገር የአሳታሚው ፈንታ ነው።

ሐምሌ 6

ከ1:50 ወረቀት ላይ እየለኩ መሥራት አይሆንም ብዬ ወሰንኩ። በ1:50 ግማሽ ሚሊ ሜትር መሳሳት መሬት ላይ 25 ሚሊ ሜትር ነው። የእርሳስ ጫፍ ውፍረት ብቻ ይህን ያህል ያስታል። ለቀጥታው ክፍል በቁጥር የተጻፈው ልክ ይበቃል። ለመታጠፊያው ግን 1:1 ፎርማ እፈልጋለሁ፤ እንጨቱ ላይ ተለጥፎ የሚቆረጥ።

መጀመሪያ በርካሽ ሞከርኩ። አንዱን መርገጫ በኤ4 ከፋፍዬ በ12 ወረቀት በሌዘር ፕሪንተር አሳተምኩ። 60 ብር። በስኮች ሳገጣጥም ሁለት ምሽት ፈጀ። 900 መሆን ያለበት ጎን 896 ሆነ። ሌዘር ቀለሙን በሙቀት ስለሚያጣብቅ ወረቀቱ ይደርቅና ትንሽ ይኮማተራል። በዚያ ላይ እያንዳንዱ መጋጠሚያ የራሱን ስህተት ይጨምራል። ተውኩት። በትልቅ ወረቀት፣ በፕሎተር ይታተማል፤ ፕሎተር ትልልቅ ስዕል የሚያትም ማሽን ነው።

ሐምሌ 9

ፋይሉን በአውቶካድ፣ በሥራ ስዕል መሳያ ፕሮግራሙ፣ አዘጋጀሁ። ያጋጠሙኝን ልጻፍ፣ ሌላ ሰው ጊዜ እንዳያጠፋ።

ዩኒት፦ አርክቴክቱ በሜትር ነው የሳለው። 900 ሚሊ ሜትር እዚያ 0.9 ነው። እኔ በሚሊ ሜትር ስለምሠራ ሁሉንም በ1000 አባዛሁ። ከዚያ የታወቀ ነገር ለካሁ፣ የበሩን ስፋት። 900 አለ። ይህን ሳያረጋግጡ መቀጠል አያዋጣም።

ፊደል፦ የአማርኛ ጽሑፎቹ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆነው መጡ። የአውቶካድ ኤስኤችኤክስ ፎንቶች የእኛን ፊደል አያውቁም። ኒያላ ወደሚባለው የአማርኛ ፎንት ስቀይረው ተስተካከለ። ወደ ፒዲኤፍ ሲቀየር ፎንቱ አብሮ መግባቱንም አየሁ። ዋናውን የአውቶካድ ፋይል ለማተሚያ ቤት መስጠት አይሻልም። እነሱ ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ ላይኖር ይችላል፣ ዩኒቱም ሊነካ ይችላል።

የመስመር ውፍረት፦ 0.18። መጀመሪያ 0.5 አድርጌው ነበር። ግማሽ ሚሊ ሜትር የወፈረ መስመር ላይ የቱ ጋ ነው የሚቆረጠው? ውስጡ? ውጪው? መሃሉ? በቀጭኑ ይሻላል። ቀለሞቹንም ሁሉ ወደ ጥቁር ቀየርኩ፤ ቢጫው መስመር ወረቀት ላይ ከቶ አይታይም።

የገጽ ዝግጅት፦ ሌይአውት (የህትመት ገጹ) ላይ ወረቀቱ ኤ0፣ 841 በ1189። ስኬሉ 1:1። «ፊት ቱ ፔፐር» የሚለው ምልክት ጠፍቷል። እዚህም ያው ፊት አለ። በአውቶካድ ብታጠፋውም ፒዲኤፉ ሲታተም እንደገና ይመጣል። ፕሎተሩ ላይ ደግሞ ሦስተኛ ጊዜ ይጠብቅሃል። ሦስት በር አለው፣ ሦስቱም መዘጋት አለባቸው።

ወረቀት ቆጠራ፦ የመጀመሪያውና ሦስተኛው መርገጫ አንዱ የሌላው ግልባጭ ስለሆኑ አንዱ ታትሞ ይገለበጣል። እሱ ሦስት ማዕዘን ነው። ጎኖቹ 900፣ 519.6 እና 1039.2። መሃለኛው አራት ማዕዘን ነው። ሁለቱ ረጃጅም ጎኖች 1039.2፣ ሁለቱ አጫጭር 380.4። ከጫፍ እስከ ጫፍ 1,273 ስለሚሆን ቀጥ አድርጌ ባስቀምጠው ኤ0 ላይ አይገባም። 25 ዲግሪ ሳዘነብለው ገባ። ሦስተኛው ወረቀት ከሥር ያለው የመነሻ መርገጫ ነው። አንድ ጫፉ ክብ ነው፣ በቁጥር የማይነገር ኩርባ አለው።

የመጨረሻው ነገር መፈተሻው ነው። ብዙ ስዕል ላይ ከታች አጭር የስኬል መስመር ይደረጋል። እሱ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚፈትሸው። እኔ ግን ጋሼ መሠረት ሲያወጡ ያየሁትን አስታወስኩ። በአንድ በኩል 60፣ በሌላው 80፣ ማዶ ለማዶ 100 ሴንቲ ሜትር ከመጣ ጥጉ ቀጥ ያለ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ 600 በ800 የሆነ ሳጥን በነጠብጣብ መስመር ሳልኩ፣ ሁለቱንም አግዳሚዎች፣ ማለትም ከጥግ እስከ ማዶ ጥግ የሚሄዱትን መስመሮች፣ ጨምሬ። አግዳሚዎቹ ልክ 1,000 መሆን አለባቸው። አንድ ሳጥን ርዝመቱን፣ ስፋቱንና መዛነፉን በአንድ ጊዜ ይናገራል።

ሐምሌ 11

ልደታ አካባቢ ወዳለ ባለ ፕሎተር ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ፋይሉን በቴሌግራም ላክሁ፣ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል። ፍላሽ አልያዝኩም፤ ባለፈው ፍላሼ ቫይረስ ይዞ ተመልሶ ፎልደሮቼ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ነበር።

የብረት ማስመሪያና የኪስ ሜትር ይዤ ነው የሄድኩት። አንድ ወረቀት ብቻ እንዲያወጣ ለመንኩት፣ ለኤ0 180 ብር። ወጣ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁና ለካሁ። 800 ያልኩት 790 ሆኗል። 600 ያልኩት 593። አግዳሚው 988።

ሁሉም በእኩል ነው ያነሰው፣ 1.2 ከመቶ። ስለዚህ ያው ፊት ነው። ሒሳቡም ይገጥማል። ፕሎተሩ በየዳሩ 5 ሚሊ ሜትር ካላተመ ከ841 የሚቀረው 831 ነው፤ 831 ለ841 ሲካፈል 98.8 ከመቶ ይመጣል። ሠራተኛው «አንድ ፐርሰንት እኮ ናት» አለኝ። 1,039 ሚሊ ሜትር በሆነ ጎን ላይ ግን 12 ሚሊ ሜትር ናት። መርገጫው ከግድግዳው ጋር ሲገጥም ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኖራል ስለው ገባው።

ሁለተኛው ህትመት ጀምሮ መሃል ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ። ግማሽ ወረቀት ነው የወጣው። አላስከፈለኝም። «ነገ ነይ» አለኝ።

ሐምሌ 12

በማለዳ ደረስኩ። ወረፋ አልነበረም። በፕሎተሩ ድራይቨር ላይ ያለውን ማሳነሻ አብረን አጠፋን። ወረቀቱም ኤ0 ሳይሆን 914 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጥቅል እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ። ጥቅሉ ከኤ0 ስለሚሰፋ ዳር የሚያንስበት ምክንያት እንኳን የለም። ኤ0 ካልበቃም እዚሁ ጥቅል ላይ በርዝመት የፈለጉትን ያህል ማስኬድ ይቻላል። መሃለኛውን መርገጫ ማዘንበል አያስፈልገኝም ነበር።

ውጤት፦ 600 ልክ 600። 800 ግን 796.5። አግዳሚው 997 ገደማ።

ይህ አዲስ ዓይነት ስህተት ነው። በወረቀቱ ስፋት ትክክል ነው፣ በርዝመቱ ያጥራል። እዚህ ላይ ቆሜ ማሰብ ነበረብኝ። ባልለካው ኖሮ፣ ወይም የለካሁት የ600ውን ብቻ ቢሆን፣ ደስ ብሎኝ እወጣ ነበር።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ፕሎተር በሁለት መንገድ ይለካል። በስፋት ቀለም የሚረጨው ራስ ወዲያና ወዲህ ሲሄድ ልኩን የሚያነበው ከተዘረጋ ጥብጣብ ላይ ነው። ያ ብዙም አይስትም። በርዝመት ግን ወረቀቱን የሚስበው ጎማ ነው። ወረቀቱ ቀጭን ወይም ወፍራም ሲሆን፣ ሲንሸራተት፣ እያንዳንዱ እርምጃ ትንሽ ትንሽ ይሳሳታል። ያ ሲደማመር 3.5 ሚሊ ሜትር ሆነ። ለዚህ «አክቹዋል ሳይዝ» ምንም አያደርግም። ፕሎተሩ ራሱ ትክክለኛውን እያተምኩ ነው ብሎ ያምናል።

ሠራተኛው የወረቀት ዓይነቱን አየ። ፕሎተሩ ላይ የተመረጠው ወፍራም ኮትድ (ፊቱ የተቀባ) ወረቀት ነው። የተጫነው ግን ተራ ቀጭን ወረቀት ነው። ቀየረው። ከዚያ «ፔፐር አድቫንስ ካሊብሬሽን» የሚለውን፣ የወረቀቱን አሳሳብ የሚያስተካክለውን፣ አስኬደ። አሥር ደቂቃ ገደማ ወሰደ። ለረጅም ጊዜ አላስኬድነውም ነበር አለኝ። ይህን ያደረገው ያለ ተጨማሪ ክፍያ ነው፣ አመሰግነዋለሁ።

እንደገና አወጣ፦ 600፣ 799.5፣ 999.6። ለፕሎተር የሚጠበቀው ትክክለኛነት 0.1 ከመቶ ገደማ ነው፣ እኛ ከዚያ በታች ደረስን። ተቀበልኩ። ሦስቱንም ወረቀት አሳተምኩ። የትናንቱን ጨምሮ በሁለቱ ቀን 900 ብር ወጣ፤ ከዚያ ውስጥ 360 ብሩ የተበላሹት ናቸው።

ካሊብሬሽን ባይኖር ኖሮ ያሰብኩት ሌላ መንገድ ነበር። ስዕሉን ብሎክ አድርጎ (ሁሉንም አንድ ላይ አስሮ) በርዝመት አቅጣጫ ብቻ በ800 ለ796.5፣ ማለትም በ1.0044 መለጠጥ። ይሠራል፤ ግን ለዚያ ፕሎተር፣ ለዚያ ወረቀት፣ ለዚያ ቀን ብቻ ነው። ፋይሉን አጣሞ ማስቀመጥ ደግሞ ነገ ሌላ ሰው ሲከፍተው አደጋ ነው። የመጨረሻ አማራጭ ነው የማደርገው።

ሐምሌ 13

ትንሽ ነገር ግን ዋጋ ያስከፈለ። ጋሼ ወረቀቱን በራሳቸው ሜትር ሲለኩ 1,001 አሉኝ። እኔ 999.6 ነበር ያልኩት። የሁለታችንን ሜትር ጎን ለጎን አደረግን። ጫፉ ላይ ያለው የብረት መንጠቆ በራሱ ውፍረት ልክ እንዲንቀሳቀስ ሆኖ ነው የሚሠራው፤ ሲጎተትም ሲገፋም ልኩ እንዲስተካከል ነው። የሳቸው መንጠቆ ግን በአገልግሎት ብዛት ተጣሟል። ስለዚህ ከዜሮ መጀመሩን ትተን ከ100 ሚሊ ሜትሩ ላይ እየጀመርን ለካን። ሁለቱም ተስማሙ። ለዚህ ሥራ አንድ ሜትር ብቻ እንጠቀማለን፣ የኔን።

ሐምሌ 18

ዛሬ አንድ ወረቀትና አንድ የኤምዲኤፍ (የተጨመቀ እንጨት ሰሌዳ) ቁራጭ አበላሸን። ቁራጩ 700 ብር ነው።

የመጀመሪያውን ፎርማ ኤምዲኤፉ ላይ በኮላ ለጠፍን። ኮላ ውኃ አለው። ወረቀቱ ሲረጥብ ተነፋ፣ በተለይ በጥቅሉ ስፋት አቅጣጫ። ሳጥኑን ስለካው 600ው 604 ሆኗል። 800ው 801። የተነፋው ቦታ ደግሞ ተጨማድዷል። ስንት ቀን የደከምኩበትን ትክክለኛነት በአንድ ጣሳ ኮላ አጣሁት። በጣም ነው ያዘንኩት።

ወረቀት ክር አለው፤ እንደ እንጨት። እርጥበት ሲያገኝ ከክሩ አግድም ይሰፋል፣ በክሩ ርዝመት ግን ብዙም አይሰፋም። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ምንም አልገረማቸውም። «እንጨትም እንደዚያው አይደል ልጄ፣ ወረቀት እኮ እንጨት ነው» አሉኝ።

ሁለት ነገር ቀየርን። አንደኛ፣ ቀጥ ያሉ ጎኖች ላላቸው መርገጫዎች ወረቀት መለጠፍ አያስፈልግም። ወረቀቱን በስኮች ይዞ፣ ጥጎቹን ብቻ በቀጭን ምስማር ወግቶ፣ በብረት ማስመሪያ ማገናኘት ይበቃል። ከዚያ ጎኖቹን በቁጥር ማረጋገጥ፦ 900፣ 519.6፣ 1039.2። እንዲያውም እንዲህ ላለ ቅርጽ በቁጥሩ ብቻ መሥራት ይቻል ነበር፤ ወረቀቱ የሚረዳው ምሰሶው የሚገባበትን ቁርጥና ወደ ፊት የሚወጣውን 25 ሚሊ ሜትር ጫፍ ሳያምታቱ ለማየት ነው። ሁለተኛ፣ ክቡን መርገጫ ግን መለጠፍ ግድ ነው። እሱ በማስቲሽ ይለጠፋል። ማስቲሽ ውኃ የለውም።

ሐምሌ 24

የኤምዲኤፉን ፎርማ ወስደን መታጠፊያው ላይ አስቀመጥነው። ወረቀቱ ትክክል፣ ፎርማው ትክክል፣ አልገጠመም። በአንድ በኩል ከግድግዳው ጋር ይነካካል፣ በሌላው ጫፍ ከ20 ሚሊ ሜትር በላይ ክፍተት አለ።

ጋሼ ምንም ሳይናገሩ እርሳስ አወጡ። ወለሉ ላይ ከጥጉ በአንዱ ግድግዳ 60፣ በሌላው 80 ምልክት አደረጉ። ማዶ ለማዶ ለኩ። 101.2 ሴንቲ ሜትር። ጥጉ ቀጥ አይደለም። 91.4 ዲግሪ ገደማ ነው። በ900 ላይ ሲሄድ 22 ሚሊ ሜትር ይከፍታል።

እኔ የፕላኑን ቁጥር አምኜ ነበር። ወረቀቱን በሚሊ ሜትር አሥረኛ ስመረምር ግድግዳውን አንድ ጊዜ እንኳን አልለካሁም። ልስኑ በአንድ በኩል ወፍሯል። ይህ በማንኛውም ቤት ያለ ነገር ነው። ስዕል ከመታተሙ በፊት ቦታው መለካት ነበረበት።

ማታ ስዕሉን እንደገና ሠራሁ። ጥጉ ሲከፈት በምሰሶው በኩል ያለው ማዕዘን ይጠባል፤ 88.6 ይሆናል። ለሦስት ሲካፈል እያንዳንዱ መርገጫ 29.5 ዲግሪ ነው። የሦስት ማዕዘኑ ጎኖች አሁን 900፣ 510 እና 1,034 ናቸው። የመሃለኛው አጫጭር ጎኖች ከ380 ወደ 368 ወረዱ። ሰው በሚሄድበት መስመር፣ ከምሰሶው 480 ላይ፣ የመርገጫው ጥልቀት 247 ይመጣል። ከቀጥታው 250 ጋር ሲነጻጸር እግር አያውቀውም። ሦስቱ እኩል መሆናቸው ነው ለእናቴ የሚጠቅማት።

በግድግዳው በኩል 10 ሚሊ ሜትር ትርፍ ጨመርኩ። እንጨቱ ቦታው ላይ ቆሞ የግድግዳውን ዝንፈት በእርሳስ ተከትሎ ይላጋል።

ነሐሴ 2

እንደገና ልደታ። በዚህ ጊዜ ሦስቱንም መርገጫ በ914ቱ ጥቅል ላይ አንድ ላይ ደረደርኳቸው፣ በአንድ ረጅም ገጽ። ከሦስት ኤ0 ይልቅ ሁለት ኤ0 የሚያህል ወረቀት ነው የሄደው፤ 370 ብር። ገጹ ሲረዝም ወረቀቱ ትንሽ እየዞረ ሊሄድ እንደሚችል ሠራተኛው ስላስጠነቀቀኝ ሁለት ሳጥን አደረግኩ፣ አንድ መጀመሪያው ላይ አንድ መጨረሻው ላይ። ሁለቱም አግዳሚዎች እኩል ከሆኑ አልዞረም። እኩል ናቸው፣ 999.5 እና 999.5።

እዚያው ሳለሁ ስለ ትሬሲንግ ወረቀት ጠየቅኩ። አላቸው። ግን ትሬሲንግ እርጥበትን ከተራው ወረቀት ይበልጥ ይጠጣል። እርጥበት የማይነካው ፖሊስተር ፊልም ነው፣ እነሱ ጋ የለም። ባነር ላይ ማተምንም አሰብኩ፤ ባነር ሲጎተት ይለጠጣል። ተራው ወረቀት ይሁን፣ በቶሎ እንጠቀምበታለን።

ነሐሴ 7

በቶሎ አልተጠቀምንበትም። ጋሼ ሌላ ሥራ ነበራቸው። ወረቀቱ አምስት ቀን መስኮቱ ገና ባልተገጠመለት ክፍል ተቀመጠ። ዝናቡ አላቋረጠም። ዛሬ ስለካው 600ው 601.5 ሆኗል። ቤት ወስጄ ደረቅ ክፍል ውስጥ ዘርግቼ አሳደርኩት።

ነሐሴ 8

ወደ 600 ተመልሷል፣ ምናልባት ሩብ ሚሊ ሜትር ይተርፍ ይሆናል። ከእንግዲህ ወረቀት በፕላስቲክ የውኃ ቱቦ ውስጥ፣ ሁለት ጫፉ ተከድኖ ነው የሚቀመጠው። ሳጥኑ ደግሞ የሚለካው በታተመበት ቀን ብቻ አይደለም፣ በሚቆረጥበት ቀንም ነው። የተለካበትን ቀንና ቁጥር ዳሩ ላይ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ።

ነሐሴ 9

ክቡ መርገጫ። ኤምዲኤፉንም ወረቀቱንም ማስቲሽ ቀባን፣ እስኪደርቅ ጠበቅን። አንድ ጊዜ ከነካ አይነሳም። ስለዚህ ጋሼ በአንድ ጫፍ ያዙ፣ እኔ በሌላው፣ ከመሃል ወደ ዳር እየዳበስን አስተኛነው። ሳጥኑ 600፣ 799.5። አልተነቃነቀም። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

በጂግሶ ከመስመሩ ውጪ አንድ ሚሊ ሜትር ተትቶ ተቆረጠ። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት እስከ መስመሩ ድረስ። ቀጭኑ 0.18 መስመር እዚህ ነው ዋጋው የታየው፤ ግማሹ መስመር ሲጠፋ ማቆም ነው።

ወደ ማስታወቂያ ሥራ ቤትም ደውዬ ነበር። ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚመራ መቁረጫ) ማሽን ያላቸው ፋይሉን ተቀብለው ኤምዲኤፉን በቀጥታ ይቆርጣሉ። ለክቡ መርገጫ ብቻ 1,800 ብር አሉኝ። ወረቀት የለ፣ ኮላ የለ፣ እርጥበት የለ። ብዙ ኩርባ ያለው ሥራ ቢሆን ይህን እመርጥ ነበር። ለአንድ ኩርባ ግን ወረቀቱ ይበቃናል። እዚያም ቢሆን ፋይሉ በሚሊ ሜትር መሆኑን ማረጋገጥ ያው ነው።

ነሐሴ 17

ዋንዛው ተቆረጠ። ጋሼ ከመጋዛቸው በፊት ፎርማውን ራሳቸው ለኩ። ወረቀቱን ሳይሆን ፎርማውን። 1,034 እና 510። «ይሁን» አሉ። በዚህ ዋጋ እንጨት ሁለት ጊዜ አይቆረጥም።

ሦስቱ መርገጫዎች ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። በግድግዳው በኩል 10 ሚሊ ሜትሩ ተላጎ አንዱ ጋ 3 ቀረ፣ አንዱ ጋ 8። ክፍተት የለም።

እስካሁን ለህትመት የወጣው፦ 25፣ 60፣ 900፣ 370። ድምሩ 1,355 ብር። የተበላሸው ኤምዲኤፍ 700። ትራንስፖርቱን አልቆጠርኩም። ግድግዳውን መጀመሪያ ለክቼ፣ ሜትር ይዤ ማተሚያ ቤት ገብቼ ቢሆን ለህትመቱ ከ400 ብር በታች ይበቃኝ ነበር።

ነሐሴ 25

እናቴ ዛሬ ወጥታ ወረደች። መታጠፊያው ላይ ስትደርስ እንደ ልማዷ ግድግዳውን ልትይዝ እጇን ዘረጋች፣ ከዚያ ሳትይዝ አለፈች። አልተናገረችም፤ እኔ ግን አየሁ።

ሃንድሬሉ ቀርቷል። መታጠፊያው ላይ ስለሚጠማዘዝ እሱም 1:1 ይታተማል። ጋሼ በበኩላቸው ለሌላ ሰው የሚሠሩት ባለ ቅስት መስኮት አላቸው። ስዕሉን ይዘው መጥተው «ልጄ፣ ያቺን ሳጥን እዚህም አድርጊልኝ» አሉኝ። አደረግኩላቸው። ሁለቱንም ሰኞ አብሬ አሳትማለሁ፣ ጠዋት፣ መብራት ሳይጠፋ።